የከብት ምልክት ያለባት ኦርጋን

ከሰውመሆን የጥገና ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ሚኒባስ እጠብቃለሁ። ሱቁ ወረታ መገንጠያው ላይ ነው፤ የደብረ ታቦር መንገድ ከጎንደሩ በሚለይበት። ባጃጁ፣ የጭነት መኪናው፣ የሩዝ ጆንያ የጫነው ጋሪ ሁሉ በፊቴ ያልፋል፤ የኔዋ ሚኒባስ ግን የለችም። የምጠብቀው ደግሞ ሰው አይደለም፤ ኦርጋን ነው። በሃያ ስድስት ዓመቷ ኦርጋን የምትጠብቅ ሴት አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ እኔን እዩኝ። ያ ኦርጋን የሚመጣው ሰውመሆን ባሌ ይሁን ወንድሜ ሊነግረኝ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ ሚኒባሷ እስክትደርስ ጊዜ አለን።

ሰብለ ወንጌል እባላለሁ። የሩዝ መፈልፈያ ቤት ሚዛን ላይ ነው የምሠራው። አባቴ መሪጌታ ዓለምነህ ፎገራ ሜዳ ላይ ካሉት ደብሮች በአንዱ ዜማ ያስተምራሉ። ሰውመሆን የሐሙሲት ልጅ ነው፤ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ፣ ምኑም ምኑም ሲበላሽ እሱ ዘንድ ይመጣል። የተዋወቅነው የመፈልፈያው ሚዛን ተበላሽቶ ነው። ሚዛኑን በሩብ ሰዓት ሠራና አንዲት ብርጭቆ ሻይ ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ፈጀበት። ከዚያ በኋላ ያ ሚዛን በየሳምንቱ ይበላሽ ጀመር። ማን እንደሚያበላሸው አትጠይቁኝ።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ላከ። አባባ ሽማግሌዎቹን አክብረው አስቀመጡና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ “ሰባት ቤት ቁጠሩልኝ።” በኛ አገር እስከ ሰባት ቤት የሚዛመድ አይጋባም። ሰውመሆን በእናቱ በኩል ያለውን እንደ ዳዊት በቃሉ አወረደው። በአባቱ በኩል ሲደርስ “ዘመኑ መንግሥቴ” ብሎ ቆመ። አባቱ የሞተው እሱ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ነው። እናቱ እናኑም ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው። እሷም ብትሆን ስለ ባሏ የምታውቀው፣ በአንድ ባንድ ውስጥ ኦርጋን ይጫወት እንደነበረና ዘፋኝ ሆንክ ብሎ አባቱ ስለገዘተው ያገሩን ስም በአፉ እንደማይጠራ ብቻ ነበር። ሐሙሲት መጥቶ ሬዲዮ ሲጠግን ኖረ፤ እዚያው ሞተ።

“ያባቴ ያለኝ ይህ ብቻ ነው” ብሎ ሰውመሆን አንድ የደበዘዘ ፎቶ አወጣ። ሰውየው መድረክ ላይ፣ ጎኑ እንጨት ከሆነ ኦርጋን ኋላ ቆሟል፤ ፊቱን የመድረኩ መብራት በልቶታል። አባባ ፎቶውን ወደ ብርሃን አስጠግተው አዩና ፊታቸው ተለዋወጠ። ጣታቸውን ያሳረፉት ሰውየው ላይ አልነበረም። ከኦርጋኑ የእንጨት ጎን ላይ እንደ “ሀ” ፊደል የተቃጠለ ጠባሳ ነበር።

“ይቺ የቤታችን የከብት ምልክት ናት” አሉ።

አባባ ገበያው የሚባል ታላቅ ወንድም ነበራቸው። ድጓ ጀምሮ፣ ጥሎ፣ ከባንድ ጋር ጠፋ። የተመለሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከብት የሚተኮስበት ቀን ነበር። ቄስ የነበሩት አያቴ ከአጥሩ በር አላሳልፍ አሉት። ገበያው አልተከራከረም። ኦርጋኑን ከመኪና አወረደ፣ መተኮሻውን ብረት ከእሳቱ አነሳና ከእንጨቱ ጎን ላይ ተከለው። “እኔ የማልባት ላም ይቺ ናት፤ ከቤቱ ከብት ጋር ቁጠሯት” ብሎ ሄደ። አባባ ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ገበያውን ያየ የለም።

እንግዲህ ፍርዱን ተመልከቱት። ዘመኑ ማለት ስሙን የለወጠው ገበያው ከሆነ ሰውመሆን የአጎቴ ልጅ ነው፤ አለቀ። የአያቴ ስም መንግሥቴ አይደለም፤ በዚህች ተጽናንቼ ነበር። አባባ ግን “አባቱ የገዘተው ሰው ያባቱን ስም ይዞ ይዞራል እንዴ?” አሉኝና እሷንም ነጠቁኝ።

በ“ሀ” የሚተኩስ ደግሞ ፎገራ ላይ አንድ ቤት አይደለም። ከከብቱ ጋር አስተያይቶ መለየትም አይቻልም፤ የከብት ምልክት ከከብቱ ጋር ያድጋል፣ ጥጃ ላይ የተተኮሰው በሬ ላይ ሌላ ነው። እንጨት ግን አያድግም። “ኦርጋኑ ይምጣና ብረቱን አስቀምጨ እለካዋለሁ” አሉ አባባ። “ከገጠመ የወንድሜ ነው። ካልገጠመ ሽማግሌዎቹ ይመለሱ።”

ሰውመሆን ፍለጋውን ከፎቶው ጀመረ። በማጉያ መነጽር ቁልፎቹን ቆጠረ፤ ሠላሳ ሰባት። ከላይ የተደረደሩትን የሚዞሩ ነገሮች ቆጠረ።

“ሰብልዬ፣ ይሄ እኮ ኦርጋን አይደለም፤ ሲንተሳይዘር ነው” አለኝ። “የጃፓን ሥራ ይመስለኛል። በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣ። ሁለት ቁልፍ ብትጫኚ ወፍራሙን ያሰማና ቀጭኑን ይውጠዋል።”

“እንደ አባባ ነዋ” አልኩት። ሳቅን። ያኔ ገና መሳቅ እንችል ነበር።

ፎቶውን የድሮ የሙዚቃ መሣሪያ ወዳዶች በሚሰበሰቡበት የቴሌግራም ቡድን ለቀቀው። አንዱ ይሄ ነው አለ፣ አንዱ ያ ነው አለ፤ ሰውመሆን በቁልፍ ብዛት እየቆጠረ ሁሉንም ጣላቸው። በሦስተኛው ሳምንት ሰገን የምትባል ልጅ ከአዲስ አበባ ጻፈችለት። የሮክ ባንድ ውስጥ ትጫወታለች። የመድረክ ቪዲዮ ላከች፤ ጸጉሯን እያራገፈች የምትደበድበው ሲንተሳይዘር ሠላሳ ሰባት ቁልፍ አለው፣ ጎኑ እንጨት ነው፣ እንጨቱ ላይ “ሀ” አለች። አንድ የድሮ ባንድ መጋዘኑን ሲያራግፍ ነው ያገኘሁት አለች። ተመልካቾቻቸው የሲጋራ ጠባሳ ይሏታል፤ ባንዱ ግን ወዷት ካናቴራ ላይ አሳትሟታል። የከብታችን ምልክት በስንት የአዲስ አበባ ጎረምሳ ደረት ላይ እየዞረች እንደሆነ አያቴ ቢሰሙ እንደገና ይሞቱ ነበር።

ባንዱ ባሕር ዳር ሊጫወት ሲመጣ ሰገን ለግማሽ ቀን ልታውሰን ተስማማች። አንዲት ቁልፍ ድምፅ አልሰጥ ብላታለች፤ ሰውመሆን ይሠራላታል፤ በዘጠኝ ሰዓት ዕቃዋ ወደ ባሕር ዳር መመለስ አለባት። ላም ከተባለች ወዲህ እኔም እንደ ሴት ነው የምጠራት።

ይኸው ሁሉንም ነገርኳችሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል፤ እሱን ለሰውመሆንም አልነገርኩትም። ያለፈው እሑድ አባባ ቅዳሴ ላይ ሳሉ የመፈልፈያ ቤቱን ሞረድ በነጠላዬ ሸፍኜ ወደ ቤት ገባሁ። መተኮሻው የት እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። የ“ሀ”ዋን ቀኝ ጫፍ ሞረድኩት፤ ብዙ አይደለም፣ የሁለት ሩዝ ፍሬ ያህል። ያበራውን ቦታ ጥላሸት ቀባሁት። ብረቱን ወደ ቦታው መለስኩት።

* * *

ሚኒባሷ አምስት ሰዓት ሲሆን ደረሰች።

አባባ ቀድመው መጥተው ሱቁ ውስጥ ከአንድ የተበላሸ ቴሌቪዥን አጠገብ ተቀምጠዋል። ብረቱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ አድርገውታል፤ ላየው ሰው መጽሐፍ ነው የሚመስለው። እንቅልፍ እንዳልነበራቸው ዓይናቸው ይናገራል። እኔ የምፈራውን እሳቸው ይመኙታል። ብረቱ ከገጠመ አርባ ዓመት የጠፋ ወንድማቸው ተገኘ፤ እኔ ሰውመሆንን አጣሁ። ካልገጠመ ሰውመሆን የኔ ነው፤ ወንድማቸው እንደጠፋ ቀረ። በአንድ ጣሪያ ሥር ቁጭ ብለን አባትና ልጅ በተቃራኒ እንጸልይ ነበር።

ሰውመሆን ሣጥኑን ከሾፌሩ ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ ከፈተው። ከላይ “ሀ” የታተመበት ጥቁር ካናቴራ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ የሰገን ስጦታ መሆኑ ነው።

“ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?” አሉ አባባ።

“የባንዱ ነው የኔታ። የሮክ ባንድ ነው።”

“ሮክ ማለት?”

ሰውመሆን ትንሽ አሰበ። “ጮክ ተብሎ የሚዘፈን ነው።”

“እህ። ጩኸቱንስ እኛም ማኅሌት ላይ አለን” አሉ። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ካናቴራው ሲነሳ እሷ ታየች። ከፎቶው ይልቅ ትንሽ ናት፤ ቁልፎቿ ቢጫ ሆነዋል፣ የእንጨት ጎኗ በስንት ሰው እጅ ታሽቶ ያብረቀርቃል። “ሀ”ዋ ጠልቃ ተቃጥላለች። ሰውመሆን መብራቱን ዝቅ አድርጎ ምልክቷ ላይ አበራ።

“የኔታ፣ እርስዎ ያስቀምጡት” አለ።

አባባ ጨርቁን ፈቱ። ቀዝቃዛውን ብረት በተቃጠለችው “ሀ” ላይ አሳረፉት። ግራው ገጠመ። ታቹ ገጠመ። ቀኙ ጎደለ። ብረቱን አንስተው በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው እንደገና አስቀመጡት። ጎደለ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሞክሩ ማየት አቃተኝና ቀና አልኩ። ሰውመሆን እያየኝ ነበር። መጀመሪያ የብረቱን ጫፍ አየ፤ ከዚያ እኔን። እንዲያ አይቶኝ አያውቅም።

“አይደለም” አሉ አባባ ቀስ ብለው። “የሌላ ቤት ምልክት ናት። እኔ ነኝ ያረጀሁት፤ የማይገኝ ስፈልግ…” ወደ ሰውመሆን ዞሩ። “ልጄ፣ ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላካቸው። ቃሌ ቃል ነው።”

ይኸው! የተመኘሁት ይኸው ነበር። ስድስት ወር ያላስተኛኝ፣ ሞረድ ያስያዘኝ ቃል ከአባቴ አፍ ወጣ። ደስታው እስኪመጣ ጠበቅሁት። አባባ ብረቱን ሊጠቀልሉ ጨርቁን አነሱ፤ የጨርቁ ጫፍ አልያዝ አላቸው። አንዴ ሞከሩ፣ ደገሙ። በየቀኑ የድጓውን ማኅደር በጨለማ የሚያስሩ ሰው አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ማሰር አቃታቸው። ከዚያ ትተውት ብረቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መንገዱን ያዩ ጀመር።

ወንድሜ ይመጣል ብለው አርባ ዓመት ያዩት መንገድ ነው። እኔ ነኝ የዘጋሁት።

“አባባ” አልኩ። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ። “እኔ ሞርጄዋለሁ። ብረቱን እኔ ነኝ የሞረድኩት።”

መንገዱ ላይ አንድ የጭነት መኪና ጥሩንባ እየነፋ አለፈ።

“እኔም አይቸዋለሁ የኔታ” አለ ሰውመሆን። “የሞረድ ምልክት አይሸሸገኝም። ሲጎድል አየሁት፣ ዝም አልኩ። ከእሷ እኩል ነኝ።”

አባባ አልተቆጡም። ቢቆጡ ምነኛ በተሻለኝ። ብረቱን መልሰው ምልክቷ ላይ አስቀመጡና በጎደለው በኩል አውራ ጣታቸውን አኖሩ። ጥላሸቱ ጣታቸው ላይ ቀረ።

“ገበያው” አሉ። የጠፋ ሰው የሚጠሩ አይመስሉም፤ ደጅ ቆሞ ለጠራቸው ሰው መልስ የሚሰጡ ይመስላሉ።

ከዚያ ተነሥተው የሰውመሆንን ራስ በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ግንባሩን ሳሙት፣ እንደገና ሳሙት። “የወንድሜ ልጅ። ሐሙሲት ድረስ መጥቶ፣ እኔ ዘንድ ሳይደርስ!” ያለቅሱ ነበር፤ ግን በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አላየሁም። እኔን በእጃቸው ጠሩኝ።

“ሰብለ፣ የአጎት ልጅ ወንድም ነው። ነይ፣ ወንድምሽን ሳሚው።”

ያን ያህል ስንዋደድ በሰው ፊት እጁን እንኳ ነክቼ አላውቅም። ሦስት እርምጃ ነበር፤ ከወረታ ጎንደር የሄድኩ ያህል ረዘመብኝ። አንዱን ጉንጩን ሳምኩ፤ ሌላውን ሳምኩ፤ ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ። የማን እንባ እንደነበረ አላውቅም፣ ጨው ጨው አለኝ። እሱም ደንቡን ጠብቆ ሳመኝ። ሽቶውን አውቀዋለሁ፣ የጺሙን ሻካራነት በሐሳቤ አውቀው ነበር፤ ግን በወንድምነት ስቀበለው ሁሉም ነገር የሌላ ሰው ሆነብኝ።

ለቀቀኝና ፊቱን አዞረ። እጁን የሚያሳርፍበት ሲያጣ ካቻቢቴውን አነሳ። “የሰዉን አደራ ልሥራ” አለ፤ ለማን እንዳለው እንጃ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየፈታ መደርደር ጀመረ። አባባ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀመጡ። እኔ ከበሩ መቃን ተደግፌ የብሎኑን ድምፅ እሰማለሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሰው እንዲህ ሆኖ በሕይወት ይቀጥላል ብዬ አላምንም ነበር።

ክዳኑን ገልብጦ አስቀመጠ። ከዚያ መብራቱን ወደ ውስጡ አዞረ።

ሠሪዎች አንድ ልማድ አላቸው፤ ዕቃ ሲከፍቱ ከክዳኑ ውስጥ ቀኑንና ብልሽቱን በእርሳስ ይጽፋሉ፣ ከእነሱ በኋላ የሚከፍተው ሠሪ እንዲያውቀው። ሰውመሆንም ሁሌ ይጽፋል። እዚያ ክዳን ውስጥ ግን ከላይ እስከ ታች ተጽፎ ነበር።

“የኔታ…” አለ። “ያባቴ ስም አለበት።”

“አንብበው” አሉ አባባ።

ጎንበስ ብሎ አነበበው።

“ለምትከፍተው ሠሪ። ይቺ ኦርጋን የባንዱ ንብረት ትባል እንጂ የገበያው ናት። ገበያው ኅዳር 9 ቀን 1982 ዓ.ም. በሳንባ ሕመም አዲስ አበባ አረፈ። የቀበርኩት እኔ ነኝ፤ ለቀስተኛ ዘመድ አልነበረውም። ሲደክመው እየተካሁት የምጫወተውም እኔ ነበርኩ። ፎገራ ላይ ወንድም አለኝ ይለኝ ነበር፤ ‘ዓለምነህ ድጓውን ይጨርስልኝ’ ይል ነበር። አባቴ ስለገዘተኝ እኔ ወደዚያ አገር ለመሄድ አልደፈርኩም። አንተ ከደረስክ ንገርልኝ። ዘመኑ መንግሥቴ፣ ትውልዴ ይፋግ።”

ሰውመሆን ጨርሶ ከላይኛው መስመር ላይ ጣቱን አኖረ። “ለምትከፍተው” የሚለው ላይ። አባቱን በድምፅ አያውቀውም፤ በመልክ አያውቀውም። አባቱ ግን የሚጽፍለትን ሳያውቅ ጽፎለት ነበር።

ዘመኑ ገበያው አይደለም። ሰውመሆን ወንድሜ አይደለም። ይህን ሁለት ጊዜ በልቤ አልኩትና ሦስተኛውን ሳልጨርስ አባባን አየሁ። መቁጠሪያው ከእጃቸው ወድቋል።

“ከሠላሳ ዓመት በላይ ከሕያዋን ጋር ነው ስሙን ስጠራ የኖርኩ” አሉ። “በጸሎቴ፣ በክርስትና ስሙ ገብረ ሐና እያልኩ። አንድም ቀን ነፍሱን ይማር አላልኩትም።”

እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። ደስታዬ ደረቴ ውስጥ ቆሟል፤ መውጣት ያፍራል። አባባ እጃቸውን ራሴ ላይ አኖሩ።

“ድጓውን ጨርሸለታለሁ” አሉ። “ሳላውቅ ጨርሸለታለሁ።” ወደ ሰውመሆን ቀና አሉ። “ወንድሜን የቀበረ ሰው ልጅ ነህ። ይፋግ ሩቅ አይደለም፤ የመንግሥቴን ቤት እንጠይቃለን። ሰባት ቤት ሳትቆጥር ግን አሁንም አልለቅህም። ካህንም ይዘን እንሄዳለን፣ ያባትህ ግዝት ይፈታለት።” ከዚያ ብረቱን ለእኔ ሰጡኝ። “አንቺ ደግሞ ይሄን አንጥረኛ ቤት ወስደሽ አስጠግኚ። የቤት ምልክት ነው።”

ሰውመሆን ዝም ብላ የነበረችውን ቁልፍ አጸዳት፤ ክዳኑን ከመግጠሙ በፊት ከአባቱ ጽሑፍ ሥር ቀኑን ጻፈና “ደርሷል” ብሎ ጨመረበት። ሊያልፍ ሲል ወደ ጆሮዬ ዝቅ አለ።

“የወንድምነቱ ስሞሽ ጉንጬ ላይ አለ። ምን ላድርገው?”

“መልስልኝ” አልኩት። “ይፋግ ደርሰህ ስትመጣ።” ሰባት ቤት ገና አልተቆጠረም፤ ልቤ በግማሹ ብቻ ነበር የተመለሰው።

ሲሞክራት ድምፅዋ ወጣ፤ ወፍራም፣ ሻካራ፣ ከደረት የሚወጣ የሰው ድምፅ የሚመስል። አባባ ተነሥተው መጡ። “ገበያው የትኛውን ነበር የሚነካ?” ብለው ጠየቁ። በአውራ ጣታቸው፣ ጥላሸቱ ገና ባለቀቀው፣ ከግራ ጫፍ አንዲት ቁልፍ ተጫኑ። ሱቁ በዚያ ድምፅ ሞላ። እጃቸውን ሳያነሱ በሌላው እጃቸው የእኔን ጣት ይዘው ከቀኝ በኩል አንዲቷ ላይ አሳረፉት።

ተጫንኩ። የእሳቸው ብቻ ነበር የሚሰማው። ሰውመሆን እንደነገረኝ ነው፤ ወፍራሙ ቀጭኑን ይውጠዋል። ለረዥም ጊዜ እንዲያ ቆየን፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እኔ የማይሰማ ቁልፌን ተጭኜ። ልጎትተው ስል በዓይናቸው ጠርዝ አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቆዪ እንደማለት።

ከዚያ አባባ ቀስ ብለው ጣታቸውን አነሱ፤ የኔው ተሰማ።